ደወሉ አልጮኸም

ሐሙስ 5

አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ የአባዬ ደወል መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በአምስት ሴኮንድ ይነሳል። እስከ ዛሬ አንድ ደቂቃ ከሃያ ይፈጅበት ነበር። ሦስት እሑድ በላብኝ፤ ግን አይቆጨኝም።

አባዬ ቀኝ ጎኑን ስትሮክ ከመታው፣ አንደበቱም ከታሰረ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከአፉ የሚወጡት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «እሺ» እና «የለም»። በሁለቱ ሁሉን ነገር ይናገራል፤ ያስቃል፣ ይሳደባል፣ ውሃ ይጠይቃል። አልጋው ጠርዝ ላይ በግራ እጁ የሚጫነው ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ግድግዳው ላይ ከሰቀልኳት መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዟል፤ እሷ ደግሞ እትዬ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለውን ደወል ታስጮኸዋለች። እትዬ የምንላት አስታማሚዋን ነው። ጠዋት እኔ ቢሮ ስሄድ ትመጣለች፣ ማታ ስመለስ ትሄዳለች።

የሠራሁት የዚያችን ኮምፒውተር ከርነል ነው። ከርነል ብረቱንና ፕሮግራሙን የሚያገናኘው ውስጠኛው ክፍል ነው፤ ቁልፉ ሲነካ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ለማንም እንዲሆን በዓለም ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ታጭቆበታል። እኔ ከሶርስ ኮዱ፣ ከተጻፈበት ጥሬ መመሪያ፣ ተነስቼ ለእኛ ቤት ብቻ በልኩ ሠራሁት። ሲገነባ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ ይግባ ወይስ ይቅር? ይህስ? ይቅር፣ ይቅር፣ ይቅር። የቢሮ ሥራዬም ይኸው ስለሆነ ጣቴ ለምዶታል። ባትሪ እንዲቆጥብም አደረግሁት፤ ሦስት ሰዓት የነበረው አሁን ስድስት ሰዓት ይቆያል።

ዐሥር ጊዜ ተጫንኩት። ዐሥር ጊዜ ጮኸ። እትዬ «ኧረ በቃሽ! አንገቴ ላይ ፌንጣ ያሰርሽብኝ መሰለኝ እኮ» እያለች ከኩሽና መጣች። አባዬ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ወንድም ጋሼ ማታ ብቅ ብሎ አየና ለእትዬ «የእኔ እህት የሠራችው ነገር አይሳሳትም» አላት። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ 7

አባዬ ተቆጥቶ ዋለ። ምሳውን ገፋው። ወደ አልጋው ጠርዝ እያየ «የለም! የለም!» ይላል። ትራሱን አስተካከልኩለት፤ የለም። መስኮት ከፈትኩለት፤ የለም። ትናንት እትዬ ስትወጣ «እንጃ፣ አባባ ደስ አላላቸውም። ደውለው መጥራት እንኳ ትተዋል፤ እኔው ነኝ እየተመላለስኩ የማያቸው» ብላኝ ነበር። ካልጠራት ደህና ነው ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ 9

ቢሮ። ጥድፊያ። ለደንበኛ የሚላኩት መሣሪያዎች በወሩ መጨረሻ መድረስ አለባቸው። አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ሁላችንም «ጠርጣራው» ነው የምንለው፤ በር ቆልፎ ሦስቴ የሚመለስ ዓይነት ሰው ነው።

«የቤታችሁን ደወል ጨረስሽው?» አለኝ።

«ጨረስኩት። ዐሥር ጊዜ ሞከርኩት፣ ዐሥር ጊዜ ጮኸ።»

«አከታትለሽ?»

«አዎ።»

«እህ…» ከማለቱ ስልኩ ጠራ። ምን ሊል እንደነበር አልጠየቅሁትም። አንዳንዴ ያሰለቻል።

ረቡዕ 11

ሆስፒታል ነን። አባዬ ወድቋል። ዳሌው ተሰብሯል። ወለሉ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚያውቅ የለም። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። ወንድም ጋሼ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። ነገ ብረት ያስገቡለታል።

ለምን አልተጫነም? ቁልፉ እጁ ሥር ነው እኮ።

ሐሙስ 12

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ አሉን።

ትናንት የሆነው እንዲህ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ እትዬ አባዬን አጥባ፣ አገላብጣ፣ ለትጥበቱ የነቀለችውን የቁልፉን ገመድ መልሳ ሰክታ፣ አንሶላ ልታሰጣ ሰገነት ወጣች። ከዚያ ወርዳ ኩሽና ገባች። ደወሉ አንገቷ ላይ ነበር። አንድም ጊዜ አልጮኸም። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳ ይዛ ስትገባ አባዬ ከአልጋው ሥር ተጋድሟል። ሽንቱ መጥቶበት ብቻውን ለመነሳት ሞክሮ ነው። ቀዩን ቁልፍ እንደጨበጠ ነበር፤ ገመዱ ተወጥሮ ከኮምፒውተሯ ተነቅሏል።

አምቡላንስ እስኪመጣ ወንድም ጋሼ ደርሶ ነበር። ገመዱን መልሶ ሰካውና ተጫነው። ጮኸ። ደግሞ ተጫነው። ጮኸ።

«ይኸው! ይኸው ይጮኻል!» አላት።

«አልጮኸም፣ ወንድሜ» አለችው።

ዛሬ ማታ ቤት ብቻዬን ስገባ መዝገቡን ከፈትኩት። ኮምፒውተሯ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ትጽፋለች። አየሁት።

ደክሞኛል። ልተኛ።

ዓርብ 13

ወንድም ጋሼ እትዬን አሰናበታት። ሥራው የሕንፃ ግንባታ መቆጣጠር ስለሆነ የሰው ጥፋት ፈልጎ ደብዳቤ መጻፍ ያውቅበታል። ሳሎን አስቀመጣት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

«እስቲ ይንገሩኝ» አላት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ወደ «እርስዎ» ሲዞር ያኔ ነው ነገሩ ያለቀው። «ደወሉ አንገትዎ ላይ ነበር፣ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ይሠራል፣ አይሠራም? ፊትዎ ተጭኜ አሳይቻለሁ።»

«ይሠራል።»

«ታዲያ?»

«አልጮኸም። በልጄ እምላለሁ፣ አልጮኸም።»

«አውልቀው የሆነ ቦታ አስቀምጠውት ነበር ይበሉኝና እንተማመን። ይህን የሠራችው እህቴ ናት፤ ሥራዋን አውቀዋለሁ።»

እትዬ ወደ እኔ አየች። አልጠየቀችኝም፤ ማየት ብቻ ነው። እኔም ጫማዬን አየሁ።

ደወሉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሽርጧን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «አባባን ሳልሰናበታቸው» አለችና ወጣች።

ከዚያ ወንድም ጋሼ ለላካት ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። የፊደል ስህተት ካለው አንብቢልኝ አለኝ። «በሥራ ላይ ባሳዩት ከፍተኛ ቸልተኝነት» ይላል። ስህተት የለውም። አንድ ቦታ የጎደለች አራት ነጥብ አስገባሁለት።

እሑድ 15

ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

የረቡዕ መዝገብ እንዲህ ይላል። አራት ሰዓት ከአርባ ሰባት፤ ቁልፉ ተኛ። ቀጣዩ መስመር ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ፤ አዲስ ዕቃ ተሰካ። በመሀል ምንም የለም። ባዶ።

ባትሪ ለመቆጠብ ያልኩት ነገር ነው። ሩብ ሰዓት ያልተነካ ዕቃ ሲኖር ከርነሉ ያስተኛዋል። ማስተኛቱን አስገባሁ። ሲነካ የሚቀሰቅሰውን ክፍል ግን ከሌላው ኮተት ጋር «ይቅር» ብዬዋለሁ። የቱ ጋ እንዳልኩት እንኳ አላስታውስም። ጣቴ ነው ያለው። እንዲህ የተኛ ቁልፍ ቢጫኑት፣ ቢመቱት፣ ቢነክሱት አይሰማም። ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ብቻ ይነቃል። ወንድም ጋሼ የሰካው ያኔ ነው። የጮኸለት ለዚያ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰክቼ፣ ሞከርኩት። አምስት ደቂቃ ቆይቼ ተጫንኩ፤ ጮኸ። ዐሥር ቆይቼ፤ ጮኸ። ሃያ ቆይቼ ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ደወሉ ጉልበቴ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ወደኋላም ሄጄ አየሁ። ከዓርብ 6 ጀምሮ ቁልፉ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ተኝቶ ነው የዋለው። «ደውለው መጥራት ትተዋል» ያለችኝ ለካ ይህን ነው። አልተወም። ሲጠራ ነው የከረመው። ቅዳሜ «የለም» ሲለኝ ትራስ ሳስተካክልለት ነበር።

አባዬ አርባ ዓመት መካኒክ ነበር። «የሞቀ ሞተርማ ማንም ያስነሳዋል፤ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው የማምነው» ይል ነበር። ዐሥር ጊዜ የሞከርኩት የሞቀ ሞተር ነው። የጠርጣራው «አከታትለሽ?»ም ይኸው ነበረ።

ለወንድም ጋሼ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ደወሉ ይስተካከል፤ አባዬ ሐሙስ ይወጣል። መጀመሪያ ደህንነቱ።

ሰኞ 16

ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ሁለት መልስ ቀየርኩ። አንዱን ይግባ፣ አንዱን ይቅር። ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ፣ ኮምፓይል ለማድረግ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጫንኩት። አንድ ሰዓት ጠብቄ ሞከርኩት፤ ጮኸ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ፤ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አዲሱን ስጭን የድሮው መዝገብ አብሮ ጠፋ። ሆን ብዬ አይደለም።

ቅጂ መያዝ እችል ነበር። ትዝ ብሎኝም ነበር።

ሐሙስ 19

አባዬ ቤት ገባ። ከስቷል። ወንድም ጋሼ ልጆቹንና ሚስቱን ይዞ መጥቶ ቤቱ ሞላ። ሲሄዱ ቁልፉን ሊፈትሽ ተጫነው። ጮኸ።

«አየሽ? ሰዓታት ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ ይጮኻል። እሷ ናት እንጂ!»

አባዬ ከትራሱ ቀና ለማለት ታገለ። «የለም! የለም! የለም!»

«አዎ አባዬ፣ አልነበረችም፤ አውቀናል። አይዞህ፣ አትመለስም» አለው ወንድም ጋሼ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽው? ‹እሷ የለም› እያለ ነው። ከዚህ በላይ ምስክር አለ?»

አባዬ ዐይኑን እኔ ላይ ተከለ።

እኔ «አዎ» አላልኩም። «እህ» ነው ያልኩት።

ቅዳሜ 21

ሳጎርሰው እጄን ያዘና መዳፌን ገለበጠው። በአውራ ጣቱ መሀሉን ይጫነው ጀመር። ይጫናል፣ ይለቃል። ይጫናል፣ ይለቃል። ሃያ ይሆናል። እያየኝ ነው።

እጁ የደከመው መስሎኝ አሸሁለት።

ማክሰኞ 24

ልክ አባዬን ሳስተኛ ስልክ ጠራ። እትዬ ናት። የአባባን ጤና ልጠይቅ ብዬ ነው አለች። ቁስላቸው ደርቋል? ይበላሉ? በግራ በኩል ብቻ እንዳታስተኚያቸው። ስለ ጤናው ሁሉንም ነገርኳት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ጆሮዬን ልታይ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጎ እንደ ትንኝ የሚል ድምፅ ሁሉ አሰማኝ። ‹እናቴ፣ ጆሮዎ ከእኔ ይሻላል› አለኝ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው? ቆሜ ራሴን ስቼ ነበር እንዴ? ሌት ተቀን ይኸው ነው የማስበው። አሁን ድርጅቱም ከመዝገብ ሰርዞኛል፣ ባይሰርዘኝ እንኳ፣ እኔስ ራሴን አምኜ የሰው በሽተኛ እንዴት እይዛለሁ?»

ምላሴ እንዲህ አለ፤ «አይዞሽ እትዬ። ድካም ይሆናል።»

«ድካም» አለች። «ይሆናላ።» አመስግናኝ ዘጋችው።

አመሰገነችኝ።

ሐሙስ 26

ስብሰባ ስለነበር ለግማሽ ቀን ቢሮ ገባሁ፤ አባዬን የወንድም ጋሼ ሚስት ያዘችልኝ። ለደንበኛው የሚላከው ሥራ ሁለት ቀን ቆሞ ነበር፤ ማን እንዳበላሸው አልታወቀም። አለቃችን ፊቱን እንዳጠቆረ ገና ወረቀቱን ሲዘረጋ ጠርጣራው እጁን አነሳ።

«የእኔ ጥፋት ነው። ማክሰኞ የለወጥኩት የኮድ መስመር ነው። መልሼዋለሁ።»

በቃ። አለቃው «ሁለት ቀን በላህብን» አለው። «አዎ» አለ። ወደሚቀጥለው ጉዳይ ተሻገሩ። ሰማይ አልተደረመሰም።

ሻይ ስንጠጣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ቁልፉን፣ መዝገቡን፣ እትዬን፣ አራት ነጥቧን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ያጽናናኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«ይህን ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለኝ።

ሰኞ 30

ነገርኩት። ወንድም ጋሼ ከሥራ ወጥቶ አባዬን ሊያይ ሲመጣ ኩሽና ጠርቼ፣ ቆሜ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። «ለእሷ አዝነሽ ነው። ሆደ ቡቡ ነሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ የጎረቤት ልጅ የሰበረውን ብርጭቆ እኔ ነኝ ትይ ነበር።»

«ይህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«በእጄ ተጭኜው ጮኸ እኮ!»

«ገመዱን ስለሰካኸው ነው።»

«ሐሙስስ?»

«ሰኞ ጠግኜው ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሳቁ የት እንደገባ አላየሁም። «መዝገብ ይጽፋል ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። አሳዪኝ።»

«ጠፍቷል።»

«ጠፍቷል!» አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ የመኪናውን። «እኔ በፊርማዬ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ሰው ከሥራ አስወጥቻለሁ። ያለ ማስረጃ በወሬ አልመልሰውም። ሥራዬ አይደለም።»

ሄደ። የሚገርመው፣ ስላላመነኝ ለአንድ አፍታ ቀለል አለኝ። ተናገርኩ እኮ፤ አላመነም፤ ምን ላድርግ? ይህን አስቤአለሁ። ይጻፍ።

ማክሰኞ 1

ማስረጃ አለ። መዝገቡ ይጥፋ እንጂ የመለስኳቸው መልሶች በሙሉ ያሉበት የድሮው ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጧል። ሶርስ ኮዱም ያው ነው። ያንኑ ጥፋት ከነጥፍሩ እንደገና መሥራት እችላለሁ።

ዛሬ ያንን አደረግሁ። በሕይወቴ እንዳይሠራ ብዬ የሠራሁት የመጀመሪያው ከርነል ነው። ፊደሎቹ በስክሪኑ ላይ ሲወርዱ አርባ ደቂቃ ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ለወንድም ጋሼ «ነገ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ስጠኝ፤ ከዚያ የፈለግከውን በለኝ» ብዬ ላክሁለት። «እሺ» ብቻ አለ።

ረቡዕ 2

መጣ። የድሮውን ጫንኩ። ደወሉን አባዬ አልጋ ላይ አስቀመጥኩ። ወንድም ጋሼ ቁልፉን ተጫነው፤ ጮኸ። «ያው ይጮኻል» አለ።

«አሁን ሃያ ደቂቃ አትንካው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። አባዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል? አባዬ ያን ቀን ቁልፉ ተኝቶበት የቆየው የዚህን አምስት እጥፍ ነው።

«ተጫን» አልኩት።

ተጫነ። ምንም። ጠበቅ አድርጎ ተጫነ። ምንም። ከዚያ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ በአውራ ጣቱ፣ በመዳፉ፣ በቡጢው። ደወሉ አንሶላው ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል።

«እሺ» አለ አባዬ። ዐይኑ ሞልቷል። «እሺ። እሺ። እሺ።»

ወንድም ጋሼ ቁልፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠውና በረንዳ ወጣ። ብዙ ቆይቶ ሲመለስ አላየኝም፤ ግድግዳውን እያየ ነው የተናገረው።

«ደብዳቤውን ሳስነብብሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አራት ነጥብ አስገብተሽልኛል እኮ።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ደህናውን መልሼ ጫንኩ፤ አንድ ሰዓት ጠብቄ ሞከርኩት። ከዚያ አባዬ ጎን ተቀምጬ «እኔ ነኝ አባዬ። ሁሉንም አውቄ ዝም ብዬ ነው» አልኩት። እጁን ልይዘው ስል ሳበው። ያ ግራ እጁ አሁንም ጠንካራ ነው።

ቅዳሜ 5

እትዬ ቤት ሄድኩ። ወንድም ጋሼ አዲስ ደብዳቤ ጽፎ በሰው ልኮልኛል፤ ሁለታችንም ፈርመናል። ከእኔ ጋር ለመሄድ አልፈለገም። «ለብቻዬ እሄዳለሁ» ብሏል።

አንድ ክፍል ቤት ናት። ልጇ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ሄዳ ነበር። ወንበር ሰጠችኝ፤ እሷ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጫማዬን ሳላይ ነገርኳት። ይህን ያህል እንኳ ላድርግ ብዬ ነው።

እስክጨርስ ድረስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ጆሮዬ ደህና ነበር» አለች።

«ደህና ነበር።»

«ራሴንም አልሳትኩም።»

«አልሳትሽም፣ እትዬ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ቀና ብላ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት መልስ አዘጋጅቼለት ነበር። «በማግስቱ። ሐሙስ ማታ» አልኳት።

«ዓርብ ሳሎን ስቀመጥ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«የደወልኩልሽ ዕለትስ?»

«አውቅ ነበር።»

«ስሚ» አለች፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «መሳሳትሽን አልይዝብሽም። ማን የማይሳሳት አለ? እኔም የአባባን መድኃኒት አንዴ አሳስቼ ሰጥቼ ለአንቺ ነግሬሻለሁ፤ ታስታውሻለሽ። ግን ያን ዕለት ‹ድካም ይሆናል› አልሽኝ። እኔ እኮ አመንኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ለልጄ ‹እናትሽ እያረጀች ነው› አልኳት። አለቀሰች። እሱን ምን ታደርጊልኛለሽ?»

የወንድም ጋሼን ደብዳቤ ዘረጋሁላት።

ደብዳቤውን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። መሀል ላይ ቆመች። «‹በመሣሪያው ላይ በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር› ይላል። ችግሩን ማን ፈጠረው?»

«እኔ።»

«እዚህ የለሽም።»

ወረቀት ከልጇ ደብተር ቀደደችልኝ። እዚያው ጉልበቴ ላይ በእጄ እንደገና ጻፍኩት። ስሜን ከነአባቴ፣ የሠራሁትን፣ ያወቅሁበትን ቀን፣ ዝም ያልኩበትን ቀን ብዛት። ሁለቴ አስቀየረችኝ። ሦስተኛውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ 10

ወንድም ጋሼ እትዬ ቤት ሄዶ ነበር። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ስለ አባዬ መድኃኒት ብቻ ነው። ድርጅቱ ስሟን መልሶ አስገብቷል።

ተመለሺልን ብለን ለምነናት ነበር። እምቢ አለች። «አባባን ግን ላያቸው እመጣለሁ» ብላ ዛሬ መጣች። ክፍሉ ውስጥ አብሬያት ልገባ ስል በሩ ላይ ዞራ አየችኝ፤ ገባኝ፣ ኩሽና ቀረሁ። ጢሙን ላጨችው። ስትቀልድ ይሰማኛል፤ እሱም «እሺ! እሺ!» እያለ ይስቃል። ከወደቀ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ በግድግዳ በኩል ነው የሰማሁት።

ስትወጣ ሻይ አቀረብኩላት። አልተቀመጠችም።

«ሥራ እየፈለግሁ ነው» አለችኝ። «ሰዎች ለምን እንደወጣሁ መጠየቃቸው አይቀርም። ያንቺን ስልክ እሰጣለሁ። ሲደውሉ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እንደጻፍሽው።»

«እንደጻፍኩት።»

ሰኞ 14

አባዬን የወንድም ጋሼ ሚስት ይዛልኝ ቢሮ እያለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የሴት ድምፅ ነው፤ ጨዋ፣ ትንሽ የቸኮለች። ለእናቷ አስታማሚ ፈልጋ ነው።

ጠርጣራው አጠገቤ ነበር። ተነስቼ ወደ ኮሪደር ልወጣ አሰብኩና ተውኩት፤ እዚያው ተቀምጬ አነጋገርኳት።

«ደብዳቤውን አይቻለሁ» አለች። «ግን እናት ናት፣ በጆሮዬ ልስማ ብዬ ነው። አባትዎ የወደቁት በእርግጥ በማን ጥፋት ነው?»

«በእኔ። ደወሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አበላሽቼ ነው የሠራሁት። እሷ አልጮኸም ስትል እውነቷን ነበር።»

«ታዲያ ለምን አባረራችኋት?»

«እኔ እያወቅሁ ዝም ስላልኩ።»

ጠርጣራው ከስክሪኑ ቀና አለ።

«እሷ በአፏ ይህን አልነገረችኝም» አለች ሴትየዋ። «‹ደውዪና ጠይቂያት› ብቻ ነው ያለችኝ።» አመስግና ዘጋች፤ ትቅጠራት አትቅጠራት አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ደወለ፤ ወንድ ነው። ለእሱም ነገርኩት።